መደገፊያ ለእትዬ ፈንታነሽ

ሰኔ 15፣ እሑድ

እትዬ ፈንታነሽ ዛሬም ወደቁ። ከጓሮ በራቸው ወደ ሽንት ቤቱ በሚወርደው ቁልቁለት፣ ባለፈው በወደቁበት ቦታ። የደወለችልኝ ጎረቤታቸው ብርቱካን ናት። «ጸዳለ፣ አክስትሽ ጭቃው ላይ ቁጭ ብለው አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ለካ እውነቷን ነው። መነሳት ሲያቅታቸው፣ መጮህ ደግሞ ነውር ሲሆንባቸው፣ ሰው እስኪመጣ ይጸልዩ ነበር።

ጭናቸው በልዟል። አጥንታቸው እንዳልተሰበረ የጤና ጣቢያው ልጅ ነገረኝ። «ከእንግዲህ ከወደቁ ግን አይነሱም» አለ፣ እዚያው አጠገባቸው ቆሞ፣ ጮክ ብሎ። ደግነቱ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል።

ምን ያስፈልጋል? ደረጃ የሚሆን ጥቂት ድንጋይ፣ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ እየያዙ የሚወርዱበት የብረት መደገፊያ፣ ጉድጓዱ ላይ ደግሞ ቁጭ የሚሉበት መቀመጫ። በቃ። ይህን የሚያሰራ ጠፍቶ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ላይ እየተንሸራተቱ ይመላለሳሉ። እኔ ቤት ሽንት ቤቱ ከውስጥ ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ደረጃ የሚባል ነገር የለውም። ለሽማግሌ ሰው ቤት ማለት እንዲህ ያለ ነበር።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

አረጋውያንን ይረዳል የተባለ ድርጅት ቢሮ ሄድኩ። ግማሽ ቀን አስጠበቁኝ። በመጨረሻ አንድ ልጅ እግር ብቅ ብሎ «እናቴ፣ የእኛ ፕሮጀክት ግንዛቤ ማስጨበጥ ብቻ ነው፣ ግንባታ የለውም» አለኝ። እናቴ! ገና ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። «ግንዛቤውንማ ጨብጫለሁ፣ የጠፋው የሚጨበጠው ብረት ነው» አልኩት። አልሳቀም።

ወረቀት ሰጠኝ። «አረጋውያንን ከመውደቅ እንጠብቅ» ይላል። ፎቶው ላይ አንድ ሽበታም ፈረንጅ ነጭ ገንዳ ውስጥ ቆሞ የሚያብለጨልጭ ብረት ይዟል። ለእትዬ አሳየኋቸው። ትክ ብለው አዩና «ምነው ይሄ ሽማግሌ ራቁቱን ታንኳ ላይ ወጣ?» አሉኝ። በሳቅ ሞትኩ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን መንገድ ላይ አለቀስኩ፣ በንዴት።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

የፈተና እርማት አላለቀም። ዝናብ። እትዬን ማየት ነበረብኝ፤ አልሄድኩም።

እድራችን! እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም? ጸሐፊዋ እኔው አይደለሁ? እትዬ እድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ አባል ናቸው። ፈትል እየሸጡ ከፍለዋል፤ አንድ ወር እንኳ አላሳለፉም። አሁን በቁማቸው ትንሽ ቢመለስላቸው ማን ይጎዳል?

ሰኔ 22፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ እትዬ ጋ ብቅ አልኩ። ባጃጁን በር ላይ አቁሜ ነው የገባሁት፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፣ እንኳን ለእሳቸው ለእኔም አይሰማ።

«እትዬ፣ መደገፊያ ላስገባልዎ ነው!» አልኳቸው ጆሯቸው ስር።

«ማን?»

«መደገፊያ! መ-ደ-ገ-ፊ-ያ!»

«ደጋፊ?»

ባለ ባጃጁ ክላክሱን ይነፋል። «አዎ፣ አዎ! ከእድሩ ጋር ተነጋግሬ! ቶሎ ነው!» ብዬ ተነሳሁ።

እጄን ያዙና ሳሙኝ። እንዲህ አያደርጉም ነበር፤ እጃቸውን የምስም እኔ ነኝ። «ተባረኪ ልጄ። እኔስ አላስቸግርም» አሉ። ብረት ማን ያስቸግረዋል ብዬ ባጃጁ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ደስ ብሏቸው ማየቴ ግን ደስ አሰኘኝ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

የእድሩ ስብሰባ ነበር።

ሐሳቤን ገና ሳልጨርስ ሊቀመንበሩ በላይነህ አቋረጠኝ። «እድር የሚያነሳው የሞተ ነው ወይዘሮ ጸዳለ። ዛሬ ለመደገፊያ ከከፈልን ነገ ለጥርስ፣ ከነገ ወዲያ ለመነጽር ልንከፍል ነው።» ሰዉ ሳቀ።

«ታዲያ እስኪሞቱ እንጠብቅ?» አልኩት።

«እንጠብቅ አልወጣኝም። ሕጉ ግን ያው ነው።»

ሕጉን እኔ ነኝ በእጄ የገለበጥኩት፤ ለእኔ ይነግረኛል! እትዬ የሞቱ ቀን ምን እንደሚሆን ደግሞ በደንብ አውቃለሁ። ሩቡ ቀን ሳያልፍ የእድሩ ወንዶች አካፋቸውን ይዘው ግቢያቸውን ይደለድሉታል። ድንኳን ይተከላል፣ ያ አዲሱ፣ ጠብታ የማያስገባው። ቁልቁለቱ ላይ ደረጃ ይቆረጣል፣ ጭድ ይነሰነስበታል፣ ለቀስተኛ እንዳያዳልጠው። ለቀስተኛ እንዳያዳልጠው! ይህንኑ ተናገርኩ።

ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት ናት፣ ድምጿን ለየሁት ግን ስሟን አልጽፍም፣ «ጸዳለ ቤቷ ሰፊ አይደል እንዴ?» አለች። ዞር ስል ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

አሁን የእኔ ቤት ምን አገባው? ግቢዬ ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ኤርምያስ አለ፣ ባንክ የሚሠራው ልጅ። ጨዋ ተከራይ ነው፤ ሜዳ ላይ ልጣለው? እሳቸውን ደግሞ ሳሎን ላስተኛ? ሰው ቢመጣስ? ደግሞም እሳቸው ራሳቸው ቤታቸውን ትተው አይመጡም። ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ግን አይመጡም።

በመጨረሻ ቄስ ወልደሚካኤል ተነሡ። «እሳቸው ራሳቸው ድንኳኑንና ንፍሮውን ቢተዉስ? ለቀብራቸው ሊወጣ የነበረው ለመደገፊያው ይውላል፤ የእድሩ ካዝናም አይጎድልበት» አሉ። በላይነህ «በቁም ሰው ቀብር መደራደር ሟርት ነው» ብሎ አማተበ። ካማተበ በኋላ ግን ተስማማ። ተሂዶ ይጠየቁ ተባለ። እትዬ ገና በሕይወት ሳሉ ቀብራቸውን ሸጠው ሽንት ቤት ሊያሰሩ ነው። ይኼው፣ አሸነፍኩ።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ሩጫ ላይ ነኝ። እትዬ አጥር ላይ ብርድ ልብስ አስጥተዋል። በሐምሌ! መቼ ሊደርቅ? ያ ቡናማው ነው፤ ከሐሙሲት ለትምህርት መጥቼ እሳቸው ጋ ስኖር የተኛሁበት። እስከ ዛሬ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ብርቱካን «እንግዳ አለብዎት ወይ ስላቸው ይስቃሉ» አለችኝ። ጃጅተዋል እንግዲህ፤ ምን ይደረጋል።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ውሃ መጠጣት ትተዋል። ብርቱካን ባትነግረኝ አላውቅም ነበር። ጠዋት አንድ ስኒ የሚሆን ይጎነጫሉ፣ ከዚያ በቃ፤ ወደ ጓሮ እንዳይወጡ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ለምን ስላቸው «አይጠማኝም» ይላሉ። ሌሊት ደግሞ ከበሩ ወጥተው ደፉ ላይ ጉዳያቸውን እንደሚጨርሱ ገባኝ፤ ሸተተኝ። አፍሬ አላየሁም አልኩ። እሳቸውም እንዳላየ ስሆን አዩኝ።

በላይነህን ረገምኩት። ድርጅቱን ረገምኩት። የመደቡን ግማሽ ጠርገው ጭድ ፍራሽ አንጥፈውበታል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ቸኩዬ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሽንት ቤት ስቀመጥ እሳቸው ትዝ አሉኝ፣ ተናድጄ ተነሳሁ።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ቄስ ወልደሚካኤል፣ በላይነህና እኔ እትዬ ጋ ሄድን። መደቡ ላይ ያንን ብርድ ልብስ ዘርግተውበታል። በላይነህ ሊቀመጥበት ሲል «እዚያ አይደለም ጌታዬ፣ እዚያ ቦታው ተይዟል» ብለው አስነሱት። ጎሽ አልኩ በሆዴ።

ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አስረዷቸው። ድንኳን አይተከልልዎም፣ ንፍሮ አይቀቀልም፣ እድርተኛው ቀብሮዎ ብቻ ይመለሳል፤ ይስማማሉ ወይ?

«ለደጋፊዬ ብዬ?» አሉ እትዬ ወደ እኔ ዞረው።

«አዎ እትዬ፣ ለመደገፊያው።»

«ታዲያ ድንኳኑን ምን ልሰራው? ያኔማ አላየው። ውሰዱት።» ጣታቸውን ራሳቸው ቀለሙ ውስጥ ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ቶሎ በሉ የሚሉ ይመስሉ ነበር።

ስንመለስ በላይነህ «ብረቱን ደጋፊዬ ሲሉት አንጀት ይበላሉ፣ እንዴት ያሉ ጨዋታ አዋቂ ናቸው» አለ። ቄሱ ወደ እትዬ በር ዞር ዞር እያሉ ይራመዳሉ። እኔም የሆነ ነገር ውል አለብኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አልያዝኩትም። ደክሞኝ ነበር።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

መንገዱ ተዘጋግቶ ከባሕር ዳር ብረት አልገባም። መደገፊያውን የሚሠራልን በያጁ ማሩ «ሲከፈት» ይላል። መቼ ይከፈታል? «ሲከፈት ነዋ!»

ጾም ነው፤ እትዬ እንደ ድሮው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ለውሃው ሰበብ አገኙ።

ኤርምያስ ወደ ወረታ መዛወሩን ነገረኝ። በወሩ መጨረሻ ይለቃል። አዲስ ተከራይ መፈለግ አለብኝ፣ ክፍሏም ቀለም ያስፈልጋታል። ለብርቱካን አልነገርኳትም። መንገር የነበረብኝ ለምንድነው?

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ቡሄ። ከተማው ሙሉ ጅራፍ ነው፤ እትዬ እንኳ ሰሙት። «ጅራፍ ነው ነጎድጓድ?» አሉኝ፤ ጅራፍ ነው ስላቸው ደስ አላቸው። ሙልሙል አስቀምጠውልኝ ነበር፤ «ልጅ ሆነሽ እኩሌታውን ደብቀሽ ለነገ ታሳድሪ ነበር» አሉኝ። እውነት ነው። አላስታውሰውም ነበር።

ልወጣ ስል ቀሚሴን ያዝ አድርገው «መቼ ነው የምትመጣ?» አሉኝ።

«ማን?»

«ደጋፊዬ ነቻ።»

«ትመጣለች እትዬ። መንገዱ ይከፈት እንጂ ትመጣለች።»

በሴት መጥራታቸው አልገረመኝም። እሳቸው የሚወዱት ዕቃ ሁሉ ሴት ነው፤ ዣንጥላዋ፣ በርጩማዋ፣ እንዝርቷ። ይሄው ጽፌ ሳነበው ግን ደስ አላለኝም። ነገ ሄጄ ደህና አድርጌ አስረዳቸዋለሁ።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

አልሄድኩም። ቀለም ቀቢው መጥቶ ነበር።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

ኤርምያስ ዕቃውን ሲጭን ብርቱካን ከገበያ ስትመለስ አየችው። ከሰው ሁሉ እሷ ታልፋለች! «ክፍሉ ባዶ ሆነ እንዴ?» አለችኝ።

«ተይዟል» አልኳት። ገና አልተያዘም። «እንዴት ደስ የሚል ቀለም ነው» ብላ ሄደች። ምን ማለቷ ነው? ይህች ሴት አንድ ቀን በግልጽ ብትናገር ይሻለኝ ነበር። በግልጽ ብትናገር ደግሞ አልምራትም።

እትዬን ባመጣቸው ሌሊት ቢነሱ ማን ይነሳላቸዋል? እኔ ሥራ አለኝ። ጉልበቴንም ያመኛል። ቢታመሙስ፣ ቢተኙብኝስ? ሰው ይህን ሁሉ አያስብም፣ «ቤቷ ሰፊ ነው» ብሎ መናገር ብቻ። ስለ እሳቸው እንደ እኔ የሮጠ ማን አለ? አንድ ሰው ጥሩልኝ!

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

መንገዱ ተከፈተ። ብረቱ ገባ። ተመስገን።

ተከራይም ተገኘ፤ ባልና ሚስት፣ አስተማሪዎች። ከመስቀል በፊት ይገባሉ።

መስከረም 12፣ ሰኞ

ማሩ ብረቱን በጋሪ አስጭኖ መጣ። በላይነህም ስልኩን ይዞ ለፎቶ መጥቷል፤ «የእድሩ ስም በቀይ ይጻፍበት» ይላል። ጭራሽ!

እትዬ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ራሳቸውን በአዲስ ሻሽ አስረው በር ላይ ቆመዋል። ለብረት እንዲህ ይለበሳል እንዴ ብዬ ሳቅሁ። ጋሪውን አላዩትም፤ ከጋሪው ኋላ መንገዱን ያያሉ።

ድንጋዩ ተነጠፈ፣ ብረቱ ቆመ፣ መቀመጫውም ገባ። ማሩ እጁ ይባረክ፣ ጥሩ አድርጎ ሰራው። እትዬን ደግፌ አወጣኋቸውና መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳረፍኩት። «ይኼው መደገፊያዎ!» ብዬ ጮህኩ።

«እሰይ» አሉ። «እሷስ?»

«ማን?»

«ደጋፊዬ። ዕቃዋ ቀድሞ ነው የመጣው?»

በላይነህ ሳቀ፤ ጨዋታ መስሎታል። እኔ አልሳቅሁም። ያ ውል ያለብኝ ነገር ሁሉ አንድ ላይ መጣ። ብርድ ልብሱ። ፍራሹ። «አላስቸግርም» ያሉኝ።

«እትዬ፣ መደገፊያ ነው ያልኩዎት። ይሄ ነው። ብረቱ ነው።»

ብረቱን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። «ብረት ነው እንዴ ያልሽኝ» አሉ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ፊቴን አዩት መሰለኝ፣ ቶሎ ብለው ጉንጬን ዳበሱኝ። «ደግ አደረግሽ ልጄ። ብረት አይሰለች።»

ሊያጽናኑኝ ብለው ነው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሊያጽናኑኝ ብለው ነው ያሉት። ብርቱካን አጥሩ ጋ ቆማ ሰምታለች፤ የዛሬን እንኳ ሳታሽሟጥጥ ፊቷን አዙራ ገባች።

ሰዎቹ ሲሄዱ ማን ትመጣለች ብለው እንደጠበቁ ጠየቅኳቸው። ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር። «እንጃ፤ አንቺ ትሆኚ እንደሁ ብዬ ነበር። አንቺማ ቤት አለሽ፣ እኔ ሞኟ» ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ።

ድንኳናቸውን ለብረት አልሰጡም። ለእኔ ነበር የሰጡት። አሁን በላይነህ ጋ ሄጄ ምን ልለው ነው? አክስቴ አልሰሙም፣ ድንኳናቸውን መልሱ? ብረቱ ተተክሏል፣ ሲሚንቶውም ፈስሶበታል።

ቁጭ ብዬ ይህን ስጽፍ ሰርቪሷን በመስኮት አያታለሁ። አዲሱ ቀለም ያምራል። ሰዎቹ ቀብድ ከፍለዋል። ቃል ገብቻለሁ፤ ቃል ደግሞ ቃል ነው።

መስከረም 18፣ እሑድ

ባልና ሚስቱ ሐሙስ ገቡ። ዝምተኞች ናቸው።

ዛሬ ማታ እትዬ ጋ ሄድኩ። ውሃ ይጠጣሉ፣ ከንፈራቸው ድኗል። ቀን በቀን ብረቱን ይዘው እንደሚወርዱ ነገሩኝ። «ጎበዝ ናት» አሉኝ። ፍራሹ ግን እንደተነጠፈ ነው፤ ብርድ ልብሱ ጠርዙ ሳይቀር ተስተካክሎ ተጣጥፏል።

«አላነሱትም እንዴ?» አልኳቸው።

«ምን አስቸኮለኝ። የሚመሽበት ሰው አይጠፋም።»

ጫማዬ ረጥቦ ነበር፤ ላወልቀው እዚያው ብርድ ልብሱ ላይ ቁጭ አልኩ። ያው ሽታው ነው፣ የልጅነቴ። እትዬ አጎንብሰው አንዱን ጫማ ሊያወልቁልኝ እጃቸውን ዘረጉ። ደንግጬ ተነሳሁ።

«መሸ እኮ» አሉኝ።

«አዎ፣ መሽቷል። ልሂድ።»

«በፊት ለፊት ጭቃ ነው ልጄ፣ ያዳልጥሻል። በጓሮው መውጫ ውረጂ፣ እሷን ያዥና» አሉ፣ በጣታቸው ወደ ብረቱ እያሳዩኝ። በሩ ላይ ቆመው አዩኝ።

ብረቱን ይዤ ወረድኩ። ማሩ በደንብ ነው የተከለው። አይነቃነቅም።